ከማጨጃ ኋላ ቆሞ መጓዝ፦ ስለ ሰልኪ አመራረጥና አጠቃቀም

122 ሴንቲ ሜትር ስፋት በሚያጭድ ማሽን የአንድ ሄክታር ሣር ለማጨድ፣ መስመሮቹ ጨርሶ ባይደራረቡ እንኳ፣ ነጂው ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ይራመዳል፤ ስፋቱ 91 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ መንገዱ 11 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሰፊ መስክ በየሳምንቱ የሚያጭድ ሰው በጉልበቱና በወገቡ ላይ የሚደርሰውን ድካም ከዚህ ስሌት መገመት አያዳግትም። በእግር እየተከተሉ ከሚነዱት ማጨጃዎች ኋላ የሚገጠመውና ሰውን ተሸክሞ የሚጎተተው ባለ ጎማ መቆሚያ፣ ማለትም ሰልኪ፣ ይህን የእግር መንገድ ያስቀራል። ሊገዙት የሚያስቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ምቾቱ ነው። በእኔ እምነት ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት ነጂው በፈለገበት ቅጽበት ሳይቸገር ሊወርድበት መቻሉ ነው፤ የቀረውን ምርጫ ሁሉ የምመዝነው በዚሁ ነው።

መቀመጫና ሁለት ጎማ ያለው፣ ረዘም ባለ ብረት የሚጎተተው ዓይነት ቀጥ ባለና ረጅም መስመር ላይ እጅግ ምቹ ነው። ሆኖም ነጂው ተቀምጦ ስለሚጓዝ ድንገት መውረድ ሲያስፈልገው ይዘገያል፤ ማሽኑ ወደ ኋላ ሲነዳም ሰልኪው እንደማንኛውም ተሳቢ መጋጠሚያው ላይ ይታጠፋል። ከማሽኑ ተጠግቶ የሚገጠመውና ቆመው የሚጓዙበት አጭሩ ዓይነት ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በመራመድ ብቻ ይወረድበታል። ከዚህ ወገን ባለ አንድ ጎማው በጠባብ ቦታ ፈጥኖ ይዞራል፤ ነገር ግን ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ክብደቱ በአንድ ጎማ ላይ ስለሚያርፍም በራሰ መሬት ላይ ጥልቅ ፈለግ ይተዋል። ስለዚህ የተለየ ምክንያት ለሌለው ሰው የምመክረው ባለ ሁለት ጎማውን፣ መቆሚያው ወደ ላይ ታጥፎ የሚያዘውን ነው። መታጠፉ ማሽኑን ለመጫን ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ በእግር መሄድ በሚገባበት ቦታ ሁሉ ሰልኪው ከመንገድ ዞር እንዲል ያደርጋል። ሊሸከም የሚችለውን የክብደት ልክ ከመግዛት በፊት ማንበብም ግድ ነው።

ብዙም የማይነገርለት ነገር የክብደቱ አቀማመጥ ነው። በረጅሙ ተጎታች ላይ የነጂው ክብደት በአመዛኙ የሚያርፈው በሰልኪው ጎማዎች ላይ ስለሆነ፣ ማጨጃው ተጨማሪ ሸክም ይጎትታል እንጂ የመንጃ ጎማዎቹ መሬት የመቆንጠጥ አቅም አይጨምርም። በአጭሩ ላይ ደግሞ ከክብደቱ ከፊሉ በመጋጠሚያው በኩል ወደ ማሽኑ ይተላለፋል፤ መጋጠሚያው ከመንጃ ጎማዎቹ ኋላ ስለሚገኝም የማሽኑን አፍንጫ ያቀልለዋል። ስለዚህ ሰልኪው እንደተገጠመ ነጂው በላዩ ቆሞ፣ ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ የማጨጃው ፊት ከፍ ማለት አለማለቱን ቢያይለት መልካም ነው። ከፍ ካለ ሣሩ ያልተስተካከለ ቁመት ይይዛል፣ ዳገት ላይም መሪው ይከዳል። የእጀታውን ከፍታም በዚያው ማየት ያስፈልጋል፤ መቆሚያው ሰውን ከፍ ስለሚያደርገው ረጅም ሰው ሳያስበው ጎብጦ ሊውል ይችላል።

በአነዳዱ ላይ ትልቁ ፈተና ወደ ኋላ መመለስ ነው። በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት፣ የሚነዱ ማሽኖች በራሳቸው ኃይል ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ በቺንጋ ከሚነዱት ግን ብዙዎቹ በዚህ በኩል ደካማ በመሆናቸው ነጂው በክንዱ መጎተት ይኖርበታል፣ ሰልኪው ሲጨመር ደግሞ ጉተታው ይብሳል። በሁለቱም ቢሆን አስቀድሞ ማሽኑን ማቆም፣ መውረድ፣ ሰልኪውን ማቃናት ወይም ማጠፍ፣ ከዚያም ወደ ኋላ መንዳት ይሻላል። መስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርሱ አንዱን ጎማ አቁሞ በቦታው መሽከርከር ሣሩን ከሥሩ ይነቅላል፤ ከዚህም በላይ መቆሚያው ወደ ጎን ሲታጠፍ እግር በመቆሚያውና በመንጃ ጎማው መካከል ሊያዝ ይችላል። ሰፋ አድርጎ መዞር ሁለቱንም ያስቀራል። እጀታው ሲለቀቅ ስለቱን የሚያቆመውን የደኅንነት ማንሻ አስሮ መሥራት ግን በምንም ምክንያት ሊታሰብ አይገባም፤ ከመቆሚያው የወደቀን ሰው የሚያድነው እርሱ ነው።

በርካታ አምራቾች ለማጨጃዎቻቸው የሚያስቀምጡት የተዳፋት ወሰን 15 ዲግሪ ነው፤ ይህም በአንድ ሜትር አግድም ርቀት 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ማለት ነው። እኔ ከዚያ ብዙ ቀደም ብዬ እወርዳለሁ። ቁልቁል ሲኬድ ሰልኪው ማሽኑን ከኋላ ይገፋዋል፤ ተዳፋቱን በአግድም ሲያቋርጡ ደግሞ ወደ ታች እየተንሸራተተ የማሽኑን ጭራ ይጎትታል፣ በእርጥብ ሣር ላይ ከሆነም ይህ የሚሆነው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ነው።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት መቆሚያውን በእጅ ይዞ ወደ ጎን መነቅነቅ ጥሩ ልማድ ነው። ሰልኪውን ከማሽኑ ጋር የሚያያይዘው ፒን የሚገባበት ቀዳዳ በጊዜ ብዛት እየተበላ ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ይሆናል፤ ያኔ ፍጥነት በተለወጠ ቁጥር ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል፣ ቀዳዳው ዙሪያም ቀለሙ ተልጦ የሚያበራ ብረት ይታያል። በዚህ ደረጃ ዳዶውን ማጥበቅ ብቻ ዋጋ የለውም፤ ፒኑና ማስገቢያው መለወጥ አለባቸው። የመዞሪያውን ኩሽኔታ ግሪስ ማጠጣት፣ በተለይ ማሽኑ በውሃ ከታጠበ በኋላ፣ ይህን መበላት በእጅጉ ያዘገየዋል፤ የሁለቱ ጎማዎች ንፋስ እኩል ካልሆነ ደግሞ መቆሚያው ወደ አንድ ወገን ያጋድልና ክብደቱን በአመዛኙ በዚያው በኩል ባለው ኩሽኔታ ላይ ይጭነዋል።