ከድሬ እስከ ሐረር ኮኦርዲኔት ማስማማት፣ እስካሁን የገባኝ

ሰላም የካርታ ወዳጆች፣ ሰሞኑን የያዝኩት ከድሬዳዋ ሐረር ባለው መንገድ ግራና ቀኝ በድሮው 1:50,000 ቶፖ ካርታ ላይ ያሉትን ምንጮችና የውሃ ጉድጓዶች አውጥቶ ስልክ ላይ በሚከፈት ካርታ ማስገባት ነው፣ ለሌላም ሰው ይጠቅማል ብዬ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የኛ ሰፈር ለዚህ ስራ ለየት ይላል። ዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚገልጽ የኮኦርዲኔት ስርአት) አለምን በየ6 ዲግሪው ዞን እያለ ይቆርጣታል፣ 42 ዲግሪ ምስራቅ የዞን 37 እና የ38 ድንበር ነው፣ ይሄ መስመር ደግሞ ከደንገጎ ወዲያ ሐረማያ አካባቢ መንገዳችንን ያቋርጠዋል። ድሬ 37 ውስጥ ሐረር 38 ውስጥ ማለት ነው። እያንዳንዱ ዞን መሀሉ ላይ 500 ሺህ ሜትር ብሎ ስለሚጀምር የድሬ ኢስቲንግ (ወደ ምስራቅ የሚቆጠረው ቁጥር) 815 ሺህ ገደማ ሲሆን የሐረር 184 ሺህ ገደማ ነው፣ ሁለቱን ዝም ብሎ አንድ ፋይል ላይ የደባለቀ ሰው ጎረቤታሞቹን ከተሞች ከ600 ኪሎሜትር በላይ ያራርቃቸዋል። እኔ ሁሉንም በኬክሮስና ኬንትሮስ ነው የማስቀምጠው፣ ርቀት መለካት ሲያስፈልግ ብቻ ሐረርንም ጨምሬ በ37 አወጣዋለሁ፣ ሐረር ላይ በኪሎሜትር 1 ሜትር ገደማ ይለጠጣል ለኔ ስራ ግን ምንም አይደል።

ዋናው ራስ ምታት ዳተሙ ነው፣ ማለትም ኮኦርዲኔቱ የሚለካበት መነሻ። የድሮው ካርታ አዲንዳን በሚባል ዳተም ላይ የተሰራ ነው፣ ግብፅና ሱዳን ድንበር አጠገብ ካለ የቅየሳ ነጥብ የተነሳ፣ ኤሊፕሶይዱም (የምድር ቅርፅ ሞዴሉ) ክላርክ 1880። ጂፒኤሳችን ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ሌላ ዳተም ነው የሚናገረው። በዩቲኤም ቁጥር ልዩነቱ እኛ ጋ ወደ ምስራቅ 100 ሜትር፣ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ጉድጓድ ፍለጋ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ይሄ ሌላ ሸለቆ ሊሆን ይችላል።

ኪውጂአይኤስ (የካርታ ፕሮግራም) ላይ አዲንዳን ለዞን 37 ኮዱ 20137፣ ለ38 ደግሞ 20138 ነው። መጀመሪያ ሌየሩ (ነጥቦቹ ያሉበት ፋይል) በትክክል የራሱን ኮድ መያዙን እዩ፣ ከዛ በኋላ ነው ሪፕሮጀክት የሚደረገው፣ ማለትም ቁጥሮቹ ወደ አዲሱ ዳተም የሚሰሉት። ኮዱን ብቻ ወደ 32637 (የደብሊውጂኤስ 84 ዞን 37) መቀየር ስሙን ይቀይራል እንጂ ቁጥሩን አያሰላም፣ ነጥቡ የተሳሳተ ቦታ ላይ ቁጭ ይላል፣ ፕሮግራሙም አይጮህም። የትኛውን ትራንስፎርሜሽን (ከዳተም ወደ ዳተም መቀየሪያ) ልጠቀም ብሎ ሲጠይቅ የኢትዮጵያውን ምረጡ፣ −165፣ −11፣ 206 የሚለውን (በX፣ በY እና በZ በሜትር የሚደረግ ሽግሽግ ነው)። ትክክለኛነቱ 5 ሜትር አካባቢ ነው፣ ለይዞታ ወሰን አይሆንም፣ ግን በዚህ ካርታ 1 ሚሊሜትር ራሱ መሬት ላይ 50 ሜትር ስለሆነ ለኛ ይበቃል።

ማረጋገጫ የማደርገው ሳይነቃነቁ የቆዩ ነገሮችን ነው፣ ድሬ ላይ ባቡር ጣቢያውን፣ ሐረር ላይ የጀጎልን ግንብ ማእዘን፣ ከሳተላይት ምስሉ ጋር ከገጠሙ እቀጥላለሁ።

ቀጥሎ የባቢሌ አቅጣጫ ነው፣ እዛ ሁሉም 38 ስለሆነ ይቀላል። የዛን አካባቢ የካርታ ሺት (ወረቀት) ስካን ያደረገ ካለ እባካችሁ አራቱ ጠርዝ ላይ ያሉት ቁጥሮች እንዲታዩ አድርጋችሁ ላኩልኝ።