ድሮፕ ዕቁብ አይደለም

ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ አቢሳል ዊፕ የሚባለውን ጅራፍ ያገኘሁት 1,391ኛውን አቢሳል ዲመን በገደልኩበት ሌሊት ነው። ታናሽ ወንድሜ በዚያው ሳምንት፣ አጠገቤ ተቀምጦ፣ በ17ኛው አገኘው። (የጭራቁን ስም ወደ አማርኛ ብመልሰው «የጥልቁ ጋኔን» ይሆናል፤ እናቴ በምትሰማበት ቤት ይህን ስም ጮክ ብሎ መጥራት ስለማይቻል በእንግሊዝኛው ይቆይ።) ወንድሜ ልዩነቱን ሲያብራራ «ጨዋታው አንተ ላይ ቂም ይዟል» አለኝ። እኔም ለጥቂት ቀናት አምኜው፣ ዕድሌን ለመቀየር ጨዋታውን ከሚያስተናግዱት ኮምፒውተሮች፣ ማለትም ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው እየዘለልኩ ስጫወት እንደነበር አልክድም።

የጅራፉ ድሮፕ፣ ማለትም ጭራቁ ሲሞት ጅራፉን የመጣሉ ዕድል፣ ከ512 አንድ ነው። ይህን ቁጥር ሳነብ በአእምሮዬ የሳልኩት የዕቁብ ዕጣ ነበር። በዕቁብ፣ የደረሰው ሰው ስም ከቀሪዎቹ ጋር ዳግመኛ ዕጣ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ በየዙሩ የቀሪዎቹ ዕድል እየሰፋ ይሄድና የመጨረሻው ሰው ያለ ዕጣ ይወስዳል። ሁሉም ተራው ይደርሰዋል፤ የሚለያየው ቀኑ ብቻ ነው። ሩንስኬፕ ውስጥ ግን 512 ብጣሽ ወረቀት ያለበት ከረጢት አለ እንበል፤ ጭራቁ በሞተ ቁጥር አንድ ወረቀት ይወጣል፣ ይነበባል፣ ተጠቅልሎ ወደ ከረጢቱ ይመለሳል። ቀጣዩ ጭራቅ ሲሞት ከረጢቱ እንደገና 512 ወረቀት ይዞ ይጠብቃል። ያለፉትን 1,390 ሙከራዎቼን የሚያስታውሰው የግድያ ቆጣሪው ነው፤ ዕጣውን የሚያወጣው የሰርቨሩ ክፍል ቆጣሪውን ከቶ አይመለከትም።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ቂም የሚገባበት ቀዳዳ የለም። የጭራቁ ጉልበት ዜሮ ሲገባ ሰርቨሩ በአንድ የስሌት ቀመር የዘፈቀደ ቁጥር ያወጣና ከጭራቁ ሰንጠረዥ ጋር ያስተያየዋል። በሰንጠረዡ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ክብደት አለው፤ ተራ የሆነው ብዙ ወረቀት ይይዛል፣ ጅራፉ አንድ። አንዳንድ ነገሮች ሁልጊዜ ይወድቃሉ፤ እንደ ፔት (ተጫዋቹን የሚከተል ትንሽ እንስሳ) ያሉት ደግሞ ለብቻቸው በሌላ ዕጣ ይወጣሉ። ውሳኔው የሚያልቀው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ በስክሪናችን የምናየው ዕቃ የውጤቱ ማስታወቂያ ነው፤ የኮምፒውተሩን አይጥ (ማውስ) በኃይል መጫን ምንም አይጨምርም፣ ሰርቨር መቀየርም እንዲሁ።

ታዲያ ከ512 አንድ ማለት ምን ማለት ነው? 1,000 ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 512 አቢሳል ዲመን ቢገድሉ፣ በስሌት 368 ያህሉ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፣ 368 ያህሉ አንድ ጅራፍ ያገኛሉ፣ 184 ያህሉ ሁለት፣ የቀሩት 80 ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ። ግማሹ ሰው በ355ኛው ገደማ ስላገኘ ይጽናናል፤ ነገር ግን ከ20 ሰው አንዱ 1,530 ገድሎም አላየውም። የእኔ 1,390 ባዶ ሙከራ ከ15 ተጫዋቾች በአንዱ ላይ የሚደርስ ነው፤ የወንድሜም በ17 ማግኘት ከ30 ለአንዱ ይደርሳል። ሁለታችንም ተራ ሰዎች ነን ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቂም ከመያዝ የባሰ ያበሳጫል።

የጨዋታ አዘጋጆች ይህን ምሬት ያውቁታል። በ2023 ዴዘርት ትሬዠር ቱ ከተባለው የሩንስኬፕ ተልዕኮ ጋር የመጡት አራት ቦሶች (ኃያላን ጭራቆች) ቬስቲጅ የተባለውን ዕቃ የሚሰጡት ዕጣው በስውር ሦስት ጊዜ ከወጣ በኋላ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። አንዱን ከባድ ዕጣ በሦስት ቀለል ያሉ ዕጣዎች መተካት አማካዩን እንዳለ ይዞ ዳርና ዳሩን ያጠብባል፤ በመጀመሪያው ግድያ ማግኘት አይቻልም፣ ከአማካዩ ሦስት እጥፍ አልፎ የሚለፋው ደግሞ ከመቶ 5 ከመሆን ከመቶ 1 በታች ይወርዳል። ለእኔ ይህ ከሁሉም የተሻለ መላ ነው። የወንድሜን ዓይነት ፈንጠዝያ ያስቀራል፣ የእኔንም ዓይነት ድርቅ ያስታግሳል።

ወደ ዕቁብ በጣም የሚቀርበው ግን ጄንሺን ኢምፓክት የተባለው ሌላ ጨዋታ ነው። በዚያ የባለ አምስት ኮከብ (ከሁሉም ብርቅ የሆነው) ገጸ ባሕርይ ዕድል በአንድ ሙከራ ከመቶ 0.6 ሆኖ፣ በ90ኛው ሙከራ ባለ አምስት ኮከብ መውጣቱ ግን የተረጋገጠ ነው። እዚህ ላይ ከረጢቱ ያስታውሳል። በደግነት ነው ብዬ ግን አላምንም፤ ሙከራው በገንዘብ የሚገዛ በመሆኑ 70 የደረሰ ተጫዋች ቢበዛ 20 እንደቀረው ያውቃል፣ ያን ጊዜ ቦርሳውን መዝጋት ከባድ ነው። ቻይና ከ2017 ጀምሮ በገንዘብ የሚወጡ እንዲህ ያሉ ዕጣዎች ዕድላቸው ይፋ እንዲደረግ ያዘዘችውም በገንዘብ ስለሚገዙ ነው። በሩንስኬፕ 1,391 ጭራቅ ስገድል የከፈልኩት እንቅልፌን ነበር።

ወንድሜ አሁን የኪንግ ብላክ ድራገንን ፔት እያሳደደ ነው፤ ዕጣው ከ3,000 አንድ ነው፣ እሱ 3,400 አልፏል። ትናንት ማታ የተኮሳተረ ፊቱን ይዞ ወደ ክፍሌ ገባና «አሁን ስንት ቀረኝ?» ሲል ጠየቀኝ። በአማካይ 3,000 አልኩት፣ እንደ መጀመሪያው ቀን። በሩን ዘግቶ ወጣ፤ ከግድግዳው ማዶ የአይጡ ድምፅ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሰማኝ ነበር።