ሦስት ፊደል አንድ ሴሚስተር በላችብኝ

ውጭ አገር ለማስተርስ ስታመለክቱ የተማራችሁበትን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአጭሩ «ኤኤዩ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ሌላውን ባታነቡት እንኳ ይህችን ያዙልኝ። ለእኔ ማንም አልነገረኝም።

ወረቀት ማሰባሰቡ የታወቀ ነው። ኮስት ሼሪንግ ከፈልኩ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አስላክሁ፣ ፓስፖርቴን ስካን አደረግኩ።

ጉዱ የመጣው የትምህርት ማስረጃ ከሚገመግመው ድርጅት ጋር ነው። ስሙን ተዉት። ፎርሙ ላይ ዩኒቨርሲቲህ ማነው ሲለኝ ኤኤዩ ብዬ ጻፍኩ፣ ዝርዝር መጣ፣ የመጀመሪያውን ነካሁ። እኩለ ሌሊት አልፏል፣ መብራት ሳይሄድ ልጨርስ ብዬ እየተጣደፍኩ ነው። ለካ የነካሁት የዴንማርኩን ኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ ኖሯል! እሱም ሲያጥር ኤኤዩ ነው።

አምስት ሳምንት ዝም አሉኝ። ከዚያ «ከዴንማርክ የተሰጠዎትን ዲፕሎማ ያስገቡ» የሚል ኢሜይል መጣ። ትራንስክሪፕቴ እኮ እጃቸው ላይ ነው፣ አናቱ ላይ በትልቁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይላል! ጻፍኩላቸው፤ ማሽኑ «ፋይልዎ በሂደት ላይ ነው» ብሎ መለሰ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ያው ማሽን። በስንት መከራ ስልክ ያነሳችልኝ ሴት «ታዲያ ዴንማርክ የተማሩት መቼ ነው?» አለችኝ። ኧረ እኔ ከቦሌ ኤርፖርት አልፌ አላውቅም! ማስተካከያ የሚባል ነገር የለም፣ እንደ አዲስ አመልክተው እንደ አዲስ ይክፈሉ ተባልኩ። ከፈልኩ።

የሚቀጥለውን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል፣ ጥፋቱ የራሴ ነውና። በሁለተኛው ፎርም የሬጅስትራሩን ኢሜይል ስሞላ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ዶት ኢቲ» ረሳኋት። «ኤኤዩ ዶት ኢዲዩ» ብቻውን ሲሆን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ነው፣ በ1900 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ። የእኔን ዲግሪ እንዲያረጋግጥ የተጠየቀው እንግዲህ እሱ ነው። ስህተቱ እስኪገኝ ማመልከቻው ተዘጋ፣ ሴሚስተሩም አመለጠኝ።

በንዴት ቁጭ ብዬ ስፈልግ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበርም አክራ ላይ ኤኤዩ ነው፤ ሳን ፍራንሲስኮም አንድ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ስም ይጠራል። እኛ ስድስት ኪሎ ሆነን የእኛ ብቻ መስሎን! የደብረ ማርቆስ ልጆች፣ ዲኤምዩ እንግሊዝ ሌስተር ውስጥም አለ። አርባ ምንጮች፣ ኤኤምዩ ሲባል ሕንዶች የሚያውቁት የራሳቸውን አሊጋር ሙስሊም ዩኒቨርሲቲን ነው። የመቀሌ ኤምአይቲ (የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ) ተማሪዎችማ የእናንተ ይባስ፤ ቦስተን አጠገብ ያለው ዝነኛው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲም ኤምአይቲ ነውና፣ ሲቪ ላይ ኤምአይቲ ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው እንደ አጭበርባሪ ቢታይ አይገርመኝም። እኔ ራሴ የሠራሁትን ሶፍትዌር «በኤምአይቲ ላይሰንስ የተለቀቀ» ብዬ ሲቪዬ ላይ ብጽፍ፣ አንዱ ጠያቂ «ቦስተን ስንት ዓመት ቆየህ?» ብሎኛል። ላይሰንሱ ማንም ሰው ሶፍትዌሩን ሊለቅበት የሚችል የፈቃድ ዓይነት ነው፣ እዚያ መማር አይጠይቅም ብዬ ሳስረዳው ቃለ መጠይቁ አለቀ።

ምክሬ ይኸው፦ ሙሉ ስም፣ ከተማ፣ አገር። ፎርሙ ምህጻረ ቃል ቢጠይቅም ሙሉውን ጻፉ። መመሪያው «ያልተጠየቀ ሰነድ አያያይዙ» ይላል፤ አትስሙት፣ የትኛው ኤኤዩ እንደሆነ የሚናገር አንድ ገጽ ደብዳቤ አያይዙ። በሦስተኛው እንደዚያ አድርጌ በ9 ቀን አለቀልኝ።

አሁን ኢሜይሌ ግርጌ ላይ «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ» ይላል። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ ሁለት ጊዜ የከፈልኩት እኔ ነኝ።