አንድ መስመር ፕሮፎርማ

ኮምቦልቻ፣ አንድ የሶላር ዕቃ መሸጫ ውስጥ ስሠራ ነው። ከሐርቡ አንድ አባት መጡ። የቦርከናን ወንዝ እየሳቡ ሽንኩርት ያለማሉ። የቤንዚን ፓምፑ አንገፍግፏቸዋል። «በፀሐይ የሚሠራውን አምጣልኝ፤ ዋጋውን ቁርጡን ንገረኝ» አሉኝ።

«የሶላር ፓምፕ ከነሙሉ ዕቃው» ብዬ በአንድ መስመር ፕሮፎርማ ጻፍኩላቸው። ለሶላር የቀረጥ ማበረታቻ አለ ሲባል ስለምሰማ፣ ሁሉንም እንደ ፓነሉ አድርጌ አሰላሁት። እሳቸውም ዋጋዬን አምነው ሁለት ወይፈን ሸጡ።

ዕቃው ከመጫኑ በፊት ዕቃችንን ከጉምሩክ የሚያወጣልን ትራንዚተር ሒሳቡን ሲያሳየኝ ክው አልኩ። ጉምሩክ ዘንድ «ሶላር» የሚባል አንድ ዕቃ የለም። ፓነሉ በታሪፍ ቁጥር 8541 ይገባል። የፓነሉን ኃይል ለፓምፑ የሚለውጠው ኢንቨርተር በ8504፣ ፓምፑ በ8413፣ ገመዱ በ8544፣ የብረት መቆሚያው በ7308። ሁሉም በየራሱ ይቀረጣል። የተናገርኩት ዋጋ አልበቃም።

በስልክ የሚነገር ነገር አልነበረም። ሐርቡ ሄድኩ። እሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝ።

«አብሽር ልጄ። ለመሆኑ ያከበደው ምኑ ነው?»

«መቆሚያው ነው አባባ። ብረቱ።»

«ታዲያ ብረት ኮምቦልቻ አይበየድም?»

ይበየዳል። እኔ ግን አላሰብኩትም ነበር። መቆሚያውን ከትዕዛዙ አስወጣንና አንድ ብረታ ብረት ቤት አሠራነው። ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል አዘነበለ፤ ዝናቡ አቧራውን ጠርጎ እንዲወርድ። ፍየል እንዳይወጣበት ደግሞ ካታሎጉ ላይ ካለው ከፍ አስደረጉት። ያንንም ያሰቡት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የቀረጥ ወሬ ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ከውጭ በሚገባ የሶላር ሴል (ፓነሉ የሚገጣጠምበት ትንሹ ክፍል) እና ፓነል ላይ 30 በመቶ ስትጥል፣ አብዝተው የጮኹት እንደኔ ገጥመው የሚያድሩት ናቸው። ህንድ በ2022 ለፓነል 40፣ ለሴል 25 በመቶ አለች። ለእኔ ትልቁ ነገር በፓነሉና በሴሉ ቀረጥ መሃል ያለው ልዩነት ነው። ሴል አስገብቶ አገር ውስጥ ፓነል ለሚገጣጥም ሰው መተንፈሻ ይሰጠዋል። መስታወቱና የአሉሚኒየም ክፈፉ ካለቀለት ፓነል በላይ ከተቀረጡማ ማን ይገጣጥማል? ሁሉም ያለቀለትን ያስገባል።

ሀዋሳ ላይ ሴል መመረት ጀምሯል፤ ዋናው ገበያው ግን አሜሪካ ነው። ሴል ደግሞ ብቻውን ማሳ ላይ አይተከልም። መስታወት፣ ክፈፍና የሚያሽገው ማሽን ይፈልጋል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚሁ አጠገባችን ነው። ይህ ሥራ እዚያ ቢገባ ምን ያህል ደስ ባለኝ! ፋብሪካው እስኪቆም ግን ሸክሙ ገበሬው ላይ መውደቅ የለበትም። ሽንኩርት ውሃ የሚፈልገው ዛሬ ነው። የጥሬ ዕቃው ቀረጥ ይቅለል፤ ያለቀለትን ማስከበዱ ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል።

የእኔ ፕሮፎርማ አሁን አምስት መስመር አለው። ከመቆሚያው ጎን «ኮምቦልቻ የተሠራ» ብዬ እጽፋለሁ።