ስፌቱ ሳይላላ ያፈገፈገው ካቴተር

የኩላሊት እጥበት ማሽኑ መጮህ የጀመረው እጥበቱ ገና ሳይጋመስ ነበር። ታካሚው ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ኩላሊቱን በድንገት ያዳከመበት አንገተ ሰፊ ውሻ ነው። ደም የሚስበው መስመር ግፊት ከልክ በላይ እየወረደ፣ ፍሰቱም እየቀነሰ ሄደ። አንድ ባልደረባችን የካቴተሩን፣ ማለትም በአንገቱ ደም ሥር በኩል የገባውን ቱቦ፣ ሁለት መስመሮች አቀያይረን እንቀጥል አለ። ይህ ደወሉን ዝም ያሰኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ታጥቦ የተመለሰው ደም እንደገና ወደ ማሽኑ ስለሚሳብ እጥበቱ ይደክማል። ሐኪሟ "መጀመሪያ ፋሻውን ፍቱት" አሉ።

ፋሻው ንጹሕ ነው፤ ስፌቶቹም አንዳቸው አልላሉም። ችግሩ ያለው በስፌቱና ካቴተሩ ቆዳውን በስቶ በሚገባበት ቀዳዳ መካከል ነበር። ካቴተሩ የተሰፋው ከቀዳዳው ራቅ ብሎ ስለነበር መካከል ላይ ያለው ቱቦ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደ ቀስት ጎብጧል። የውሻ አንገት ቆዳ ልል ነው። ውሻው ለመጠጣት ባጎነበሰ፣ ለማከክም በሞከረ ቁጥር ቆዳው እየተንሸራተተ ቱቦውን ጥቂት በጥቂት ስቦታል። ራጁ ሲነሣ ከልብ መግቢያ አጠገብ መሆን የነበረበት ጫፍ ወደ ላይ አፈግፍጎ ተገኘ።

ያ ባልደረባችን መልሶ ለመግፋት እጁን ሲዘረጋ ሐኪሟ ያዙት። ከቆዳ ውጭ የዋለ ቱቦ ንጽሕናው አያስተማምንም፤ ወደ ውስጥ መግፋት ጀርሙን ይዞ ወደ ልብ መንገድ ማሳየት ነው። በማሽኑ ውስጥ የነበረውን ደም ለውሻው መልሰን እጥበቱን አቆምን። ቀዳዳው አካባቢ የኢንፌክሽን ምልክት ስላልነበረ ካቴተሩ በውስጡ ባለፈ መሪ ሽቦ ላይ በአዲስ ተተካ።

አዲሱ የተሰፋው ከቀዳዳው ሥር ተጠግቶ ነው፤ ክሩም ቱቦውን ግራና ቀኝ እየተሻገረ እንዲጠመጠምበት ተደረገ። እንዲህ የታሰረ ክር ሲሳብ ይበልጥ ይጨብጣል። የካቴተሩ ክንፎች፣ ማለትም ለመስፊያ የተሠሩት ጎኖቹ፣ ደግሞ ለብቻቸው ሌላ ቦታ ተሰፉ። ስፌት ሲጠብቅ ቆዳውን ይገድለዋል፤ የሞተ ቆዳ ምንም አይዝም፤ ይህንን ጀማሪዎች አያምኑም። ከቆዳ ውጭ የሚታየው ርዝመት በመዝገብ ሰፈረ፤ ፋሻ በተቀየረ ቁጥርም አንድ ሰው የውሻውን ጭንቅላት ይዞ ሌላው ይለካል። ፋሻው ሁለት ጣት የሚያስገባ መሆን አለበት፤ ከጠበቀ ፊት ያብጣል፣ መተንፈስም ይከብዳል። የአንገት ማሰሪያ ተወግዶ በደረት የሚታሰረው ገባ።

የሌሊት ተረኞች "በየጊዜው መለካት ምን ያደርጋል?" ብለው አጉረመረሙ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ደም ለመቅዳት ወይም ግሉኮስ ለመስጠት ሲቸኩሉ ይህንኑ ካቴተር የሚከፍቱ አሉ። ውስጡ ያለው ሄፓሪን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት፣ ሳይወጣ ቢገፋ፣ መርጋት ባቃተው የውሻው ደም ላይ ሌላ ጣጣ ይጨምራል። ክዳኑ ተከፍቶ መቆንጠጫው ከተረሳም አየር ወደ ልብ ይሳባል። ስለዚህ ፋሻው ላይ በቀይ ቀለም "ለእጥበት ብቻ" ብለን እንጽፋለን፤ ከመዝገቡ ይልቅ የሚነበበው እሱ ነው።