ዳማ፣ ሳህኗ እና የእማዬ ኪስ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ከአልጋዬ ግርጌ ግን ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። ውሻዬ ዳማ ናት። ብብቷን በኋላ እግሯ ስታክክ እግሯ ወለሉን ይደበድበዋል። ትንሽ ታርፍና ደግሞ መላስ ትጀምራለች። የፊት መዳፏን ትልሳለች፣ ትልሳለች። “ዳማ፣ ተይ!” እላለሁ። ትተዋለች። አስር ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እንዲህ እየተባባልን ሰባት ወር ኖርን።

ዳማ አምስት ዓመቷ ነው። ስሟን ያወጣንላት ከጸጉሯ ቀለም ተነስተን ነበር። ያን ሰሞን ግን ሆዷ ሥር ያለው ጸጉር ተመልጦ ቆዳዋ ቀልቷል። በጣቶቿ መሃል ያለው ደግሞ ከምራቅ ብዛት የዛገ ብረት መስሏል። ጆሮዋ እርሾ እርሾ ይሸታል።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። የእኔዋ በበላችው ታክካለች ብዬ ደመደምኩ። ማንም ሳይነግረኝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ። ከዚያ ምግብ መቀያየር ጀመርኩ።

በሰባት ወር ውስጥ ስድስት ዓይነት ምግብ ገዛሁ። መጀመሪያ የዶሮውን ትቼ የበግ አመጣሁ። ቀጥሎ “እህል የሌለው” የሚል ነገር አየሁና እሱን ያዝኩ። ከዚያ የዓሣ፣ ከዚያ የዳክዬ፣ ከዚያ የአጋዘን፣ በመጨረሻም “ለስሱ ቆዳ” የሚል በጣም ውድ ከረጢት። ከረጢቱ ላይ ያለችው ውሻ ጸጉሯ እንደ መስታወት ያበራል። እሷ ምን አለባት፣ ፎቶ ናት። በእያንዳንዱ ምግብ ዳማ የመጀመሪያውን ሳምንት የተሻላት ይመስለኛል። በሁለተኛው ሳምንት ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

በመጨረሻ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። ከመግባቴ “ዶክተር፣ የምግብ አለርጂ አለባት፣ የትኛውን ምግብ ልግዛላት?” አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ጥርሱ የጠበበ ማበጠሪያ አወጡና ከወገቧ እስከ ጅራቷ ሥር ድረስ አበጠሯት። የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አራገፉት። ብናኙ ቀስ እያለ ቀላ።

“ይኼ የቁንጫ ኩስ ነው” አሉኝ። “የቀላው የበላው ደም ነው።”

ዓይኔን አላምን አልኩ። በየሳምንቱ ነው የማጥባት! አንዲት ቁንጫ አይቼባት አላውቅም። እሳቸው እንዳስረዱኝ ከሆነ ግን ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለበት ውሻ በቁንጫ መወረር አያስፈልገውም። ጥቂት ንክሻ ይበቃዋል። ቶሎ ቶሎ የሚያክክ ውሻ ደግሞ ቁንጫውን እየላሰ ስለሚውጠው ባለቤቱ ላያየው ይችላል። ከጆሮዋም በጥጥ ጠርገው በማይክሮስኮፕ አዩት። እርሾ መሰል ፈንገስ ሞልቶበታል። ፈንገሱ ራሱ ያሳክካል። “መጀመሪያ እነዚህን እናጥፋ፤ ምግቡ የትም አይሄድም” አሉ።

ልክ ነበሩ። በአንድ ወር ውስጥ የወገቧና የጅራቷ ሥር ነገር አበቃ። ይኼን የምጽፈው ምግብ ለመቀየር ለቸኮለ ሰው ነው፦ መጀመሪያ ቁንጫውን። ውሻ እንዲያክክ ከሚያደርጉ ነገሮች ምግብ አንዱ ነው እንጂ ዋናው አይደለም። ቁንጫ አለ፣ እከክ አለ፣ የአቧራ ነፍሳትና የአበባ ብናኝ አለርጂ አለ።

መዳፏ፣ ጆሮዋና ሆዷ ግን እንዳለ ቀጠለ። ዶክተሩ ያኔ ነው ስለ ምግብ ማውራት የጀመሩት። ዓመቱን ሙሉ ነው ወይስ በወቅት? ዓመቱን ሙሉ። በቀን ስንቴ ለመጸዳዳት ትወጣለች? አራቴ፣ አንዳንዴ አምስቴ። ከቆዳው ጋር ሆድም አብሮ ሲረበሽ ምግብን መጠርጠር ደግ ነው አሉ። እኔ የደም ምርመራ ጠየቅኩ፤ ወረቀት እጄ ላይ እንዲገባልኝ ፈልጌ ነበር። ለምግብ አለርጂ የደምም የምራቅም ምርመራ አስተማማኝ አይደለም፤ ምንም የሌለበት ጤነኛ ውሻም “አለበት” የሚል ውጤት ይወጣለታል አሉኝ። ያለው መንገድ አንድ ነው። የምታውቀውን ሁሉ ከአፏ ማስቀረት፣ መጠበቅ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መመለስ።

ያልገባኝ ነገር ብዙ ነበር። ለምሳሌ አለርጂ የሚመጣው ከአዲስ ምግብ ይመስለኝ ነበር። ሰውነት ግን የሚቆጣው ብዙውን ጊዜ ለወራት ወይም ለዓመታት ሲበላው በኖረው ፕሮቲን ነው። ስለዚህ የፋብሪካውን ስም ብቻ ቀይሬ ያንኑ ፕሮቲን ባመጣ ምንም አልቀየርኩም ማለት ነው። የትኛው ፕሮቲን? እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት የምግብ አለርጂያቸው የተረጋገጠ 297 ውሾችን መረጃ ሰብስቦ ነበር። የበሬ ሥጋ 34 በመቶ፣ ወተትና ተዋጽኦው 17፣ ዶሮ 15፣ ስንዴ 13 በመቶ ሆነው ተገኙ። እኔ እህልን ጠላት አድርጌ ስከርም አንደኛው ተጠርጣሪ የበሬ ሥጋ ነበር።

ቤት ስገባ ያስቀመጥኳቸውን ከረጢቶች አወጣሁና ጀርባቸውን ማንበብ ጀመርኩ። በመነጽር። ፊት ለፊቱ ላይ “በግ” ተብሎ በትልቁ የተጻፈው፣ ጀርባው ላይ በጉንዳን ፊደል የዶሮ ዱቄትና የበሬ ስብ አለበት። የዓሣው ውስጥ የበሬ ጉበት አለ፣ ለጣዕም። ምንም ሳላስወግድ ነበር ሰባት ወር ሙሉ የቀያየርኩት።

አሁን ወደ ምርጫው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ውሻው በልቶት የማያውቀውን ሥጋ መስጠት ነው። እዚህ ጋ ዶክተሩ ሳቁ። በልታ የማታውቀው ምን አለ? በግ፣ ዓሣ፣ ዳክዬ፣ አጋዘን ሁሉንም አብልቻታለሁ! በጥድፊያዬ የተጠባባቂ ወንበሩን ባዶ አድርጌዋለሁ። የቀረን ሁለተኛው መንገድ ነው፦ ሃይድሮላይዝድ የሚባለው። ፕሮቲኑ በጣም ደቃቅ ሆኖ ስለሚሰባበር ሰውነቷ “አውቅሃለሁ” ብሎ እንዳይነሳበት ነው ሐሳቡ። የሚሸጠው በሐኪም ትእዛዝ ነው። ዋጋው... እሱን እንተወው። ከመደርደሪያ ላይ “ጥቂት ግብዓት ብቻ” የሚለውን ብገዛስ አልኩ። እንዲህ ያሉ ምግቦች ላቦራቶሪ ሲገቡ ከረጢቱ ላይ ያልተጻፈ ሥጋ በተደጋጋሚ ተገኝቶባቸዋል። ለዕለት ተዕለት ላይጎዳ ይችላል፤ ለሙከራ ግን አይሆንም።

ራሴ ላብስልላትስ? ይኼንንም አስቤ ነበር። ለሙከራው ጊዜ ይቻላል፣ ግን በእንስሳት አመጋገብ ባለሙያ በተዘጋጀ መመሪያ። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎች ለውሻ የተዘጋጁ 200 የቤት ውስጥ አሠራሮችን መርምረው፣ 95 በመቶው ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሎት አግኝተውታል። ሥጋና ሩዝ ብቻ ማለት ለምሳሌ ካልሲየም የለም ማለት ነው። ወጥ ቤት እጄ ጥሩ ነው፤ የካልሲየም ሒሳብ ግን አልችልም። ተውኩት።

አዲሱን ምግብ ከአሮጌው ጋር እየቀላቀልን በአንድ ሳምንት አሻገርናት። ደብተር ገዛሁ። በየማታው ማሳከኳን ከ10 እየገመትኩ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ቀን 8። ሦስተኛው ሳምንት ላይ 6 ሆነ። ደስ አለኝ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ተመልሶ 8።

ዳማ በዚያ ሰሞን አንድ አዲስ ጠባይ አውጥታ ነበር። እማዬን መከተል። ወጥ ቤት ስትሄድ ትከተላታለች፣ ስትቀመጥ እግሯ ሥር ትተኛለች፣ ዓይኗ ከጋዋኗ ኪስ አይነቀልም። እኔ ደግሞ የፍቅር መስሎኝ። አንድ ቀን ጋዋኑን ላጥብ ብዬ ኪሱን ስፈትሽ፣ በሶፍት የተጠቀለለ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ!

“እማዬ! ይኼ ምንድን ነው?”

“ምን ላድርግ ልጄ፣ ያንን እንደ ጠጠር የደረቀ ነገር ስትቆረጥም ሳያት አንጀቴን በላችው።”

“ሐኪሙ ምንም አትስጧት አላሉም?”

“ጣቴን የማታህል ቁራጭ እኮ ናት! ይቺ ምን ታደርጋታለች?”

ጣትም አታህልም፣ ግን ታደርጋታለች። አለርጂ በኪሎ አይደለም። አኩርፌ ለዶክተሩ ልከሳት ሄድኩ። ዶክተሩ ሰሙኝና “አንቺስ በየወሩ የምትሰጫትን የቁንጫ ክኒን አይተሽዋል?” አሉኝ። የሚታኘክ ነው፣ ዳማ እንደ ከረሜላ ነው የምትወደው። ማሸጊያውን አነበብኩ። የበሬ ጣዕም። ኩርፊያዬን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ ለእማዬም ነገርኳት። እስከዛሬ ድረስ ትስቅብኛለች።

ክኒኑን ጀርባ ላይ በሚንጠባጠብ ቀየርነው። ጣዕም ያለውን የጥርስ ሳሙናዋን ጣልን። የእማዬን ኪስ ባዶ ማድረግ ግን ከባድ ነበር። አማራጩን ያገኘችው ራሷ ናት፦ ጠዋት ጠዋት ከዳማ የቀን ድርሻ ላይ አንድ እፍኝ ጠጠሩን ቆጥራ ኪሷ ትከታለች። ዳማ ልዩነቱ ግድ አልሰጣትም። ከኪስ የወጣ ነገር ሁሉ ለእሷ ግብዣ ነው።

ከዜሮ ጀመርን። ቢያንስ ስምንት ሳምንት። ብዙ ውሾች በአምስተኛው ሳምንት ለውጥ ያሳያሉ፤ ስምንት ሳምንት ሲሞላ ግን የምግብ አለርጂ ካለባቸው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይለይላቸዋል። ሁለት ሳምንት አይቶ “አልሠራም” ማለት፣ እንደ እኔ፣ ብር ማቃጠል ነው። ደብተሩ ላይ 7፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3 እያለ ወረደ። ሰባተኛው ሳምንት ላይ 2። አንድ ሌሊት በጸጥታው ደንግጬ ነቃሁና ትተንፍስ እንደሆነ በስልኬ መብራት አየኋት። ተኝታለች።

ቀጥሎ የመጣውን አልወደድኩትም። አሮጌውን ምግብ መመለስ። ተሽሏት እያለ ለምን? የተሻላት ከምግቡ ይሁን ከወቅቱ መቀየር በሌላ መንገድ አይታወቅም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይተዋል። እኔም ልተወው ነበር፤ የከረጢቱ ዋጋ ነው ያጀገነኝ። ዶሮ ሰጠናት፣ ሁለት ሳምንት። ምንም። ስንዴ ሰጠናት። ምንም። ያንን ሁሉ ጊዜ የረገምኩት ስንዴ ንጹሕ ነበር። በነገራችን ላይ እህል የሌለው ምግብ በራሱ የተሻለ ነው የሚለውን አሁን አላምንም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን፣ እንዲህ ያሉ ምግቦች ከውሾች የልብ ጡንቻ መድከም ጋር ይያያዙ እንደሆነ እየመረመረ መሆኑን አሳውቆ ነበር።

ከዚያ የበሬ ሥጋ። አንደኛው ቀን ሰላም። ሁለተኛው ቀን ሰላም። ሦስተኛው ሌሊት ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ተነስቼ መብራት አበራሁ። እማዬም ከክፍሏ ወጣች። ተያየን። “እኔ አይደለሁም” አለችኝ።

አሁን ዳማ የዶሮ ምግብ ነው የምትበላው፤ ጀርባውን በመነጽር አንብቤ የገዛሁት። የዓሣ ዘይትም ጨምረንላታል። ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚባሉት የኦሜጋ 3 ዓይነቶች ለቆዳ ይጠቅማሉ፤ ለውጡ የሚታየው ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። በሙከራው ወቅት አልሰጠናትም፣ እንክብሉ የሚሠራበት ጄላቲን ራሱ ከከብት ሊሆን ስለሚችል። የተልባ ዘይት ይተካዋል የሚል አለ። ውሻ የተልባውን ኦሜጋ 3 ወደ እነዚህ መቀየር ላይ ደካማ ነው። መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ። እኔ አንዴ በራሴ ግምት ጨምሬ ምንጣፍ አጥቤያለሁ።

ሁሉም ነገር ጠፋ አልልም። አበባ በሚያብብበት ወቅት መዳፏን መላስ ትጀምራለች፣ ደብተሩ ወደ 4 ይወጣል። የብናኝ አለርጂም አለባት፤ ሁለቱ አብረው መኖር ይችላሉ። በዚያ ሰሞን ስንገባ መዳፏን በእርጥብ ጨርቅ እጠርግላታለሁ፣ ለእሱ ደግሞ የራሱ መድኃኒት አላት።

ከሰኞ ጀምሮ እንቁላል እንሞክራለን። እማዬ ደብተሩ ላይ ከአሁኑ ቀኑን ጽፋለች። ማን እንደሚሰጣትም ጽፋለች።