የ45 ቀን ክትባት
ዛሬ ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ ጤና ጣቢያ የክትባት ቀን ነበር። አንዲት እናት ልጇን የ45 ቀኑን አስወግታ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀመጠች። ሕፃኑን የሚያባብሉት አማቷ ናቸው።

እናትየዋ ምን ሆና ነው ብዬ አማቷን ስጠይቃቸው፣ «ብርድ መቷት ነው፤ ጠበልም ወስደናታል» አሉኝ።

«እንቅልፍስ?» ስላት፣ «ልጁ ተኝቶም እኔ አልተኛም ሲስተርዬ» አለች።

ከወሊድ በኋላ ሆድ መባስ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ይለቃል። ሲከርም ግን ድብርት ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ያልታሰበ እርግዝና፣ የባል ዱላ፣ አጋዥ ማጣት ወይም ቀድሞ የነበረ ድብርት ካለ። እኛ ደም ግፊቷን ለክተን እንሸኛታለን! ከወሊድ በኋላ ድብርትን የሚለየው የኤድንበርግ መጠይቅ እኮ 10 ጥያቄ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ራስን ስለመጉዳት ይጠይቃል።

ጠበሉም ይቀጥል፣ አልከለከልኩም። ሰኞ ከባሏ ጋር ቀጥሬያታለሁ። አማቷ «እምቢ ካለ ጎትቼ አመጣዋለሁ» ብለዋል፤ ያደርጉታልም።